ሳልነቃ የሰጠሁት ይቅርታ

ልጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና «ይኸው፣ በዓይንሽ እዪው» አለኝ።

ስልኩ ውስጥ አንዲት አሮጊት የሆስፒታል አልጋ ላይ ተጋድማለች። ሻሿ ወልቆ ሽበቷ ትራሱ ላይ ተበትኗል፤ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ታናሽ እህቴ አልጋው ሥር ተንበርክካ ታለቅሳለች። አሮጊቷ እጇን አነሳችና እህቴ አናት ላይ ጭና «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ተነሽ አንቺ፣ ወለሉ ይበርድሻል» ብላ ጨመረችበት። ድምፅዋ ትንሽ ከመጎርነኑ በቀር እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ነው የምታወራው።

ያቺ አሮጊት እኔ ነኝ። ፊቱም የኔ ነው፣ ድምፁም የኔ ነው። «ወለሉ ይበርድሻል» የምትለው ነገር እንኳ የኔ ናት፤ ከእናታችን ወርሼ ለልጆቼ ስላት የኖርኳት ናት። ግን እኔ እዚያ አልነበርኩም።

«መቼ ነው ይሄ?» አልኩት።

«እንዴ እማዬ! ከኦፕራሲዮን የወጣሽ ለት ነዋ። ነርሷ እንኳ አልቅሳለች።»

«እኔ አላውቀውም።»

ሳቀ። «ደስታው ነው ያስረሳሽ።»

ስልኩን በደቀነብኝ ቀን ጠዋት እህቴ ፔርሙስ ሙሉ አጥሚት ይዛ፣ ሳታንኳኳ፣ እንደ ድሮዋ በሬን ገፍታ ገብታ ነበር። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። ስንት ዓመት ደጄን ያልረገጠች ሴት! ከመደንገጤ የተነሳ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ቁስሉ ያመመኝ መሰላት። እሷ እንደወጣች ልጄን «ማነው መንገድ ያሳያት?» ብዬ ብጮህበት ነው ስልኩን ያወጣው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው፤ አለዚያ በከንቱ ቂመኛ እመስላለሁ።

እኔ መርካቶ ቅመም ሻጭ ነኝ። ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ መደብ አለችኝ፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮሰረት፣ የተዘጋጀ መከለሻ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከሱቅ ሰሌዳና ከጆንያ ጀርባ ነው፤ አጻጻፌ ጎርበጥ ቢል ለዚህ ነው። ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፤ ጭድ ተራ ልድረስ ብሎ ይነሳና ሸማ ተራ ይገኛል። ዛሬ ግን እንዳይባዝን እይዘዋለሁ።

ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ይሄ ስልክ የደቀነብኝ ወንዱ ነው። ሴቷ ዓረብ አገር ሠራተኛ ሆና ሄደች። ያኔ እኔ ስልክ አልነበረኝም። እህቴ ስለነበራት የእህቴን ቁጥር ይዛ ሄደች። እህቴ ራጉኤል ጀርባ ነው የምትኖረው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ እሷ ዘንድ ጎራ እልና የልጄን ድምፅ እሰማ ነበር። «እማዬ፣ ኮረሪማ ላኪልኝ፤ የዚህ አገር ሻይ ሽታ የለውም» ትለኛለች። ሰው የሚሄድ በተገኘ ቁጥር በጨርቅ ቋጥሬ እልክላት ነበር።

አንድ ዓመት የሁዳዴ ጾም እንደተያዘ መደወሏን አቆመች። እህቴ «አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተዋት ነው አሉ፤ ይመልሱላታል» አለችኝ። አመንኳት። የእናቴ ልጅ ናት፣ ማንን ልመን? ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካ ቀጥሎ የእህቴ ወንድ ልጅ ሰርግ ነበር። የሰርጉን ቅመም በሙሉ እኔ ነኝ ያሰናዳሁት፤ ለቀምኩ፣ አመስኩ፣ አስፈጨሁ። በሰርጉ ለት ደግሞ ዘፈን አውጪዋ እኔ ሆንኩ። ድምፄ እስኪዘጋ እልል አልኩ። በዚህ ጉልበቴ እስክስታ ወረድኩ። ሙሽሪትን አቅፌ «የኔዋም መጥታ እንዲህ እድራታለሁ» አልኳት።

ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ዘመዶች ቆመዋል። ከፊት እህቴ አለች። እኛ ዘንድ መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ በዚያ ሰዓት ዘመድ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ያየ ሰው ምን መጣ ብሎ አይጠይቅም። «ማነው?» ብቻ ነው የሚለው።

ልጄ ሞታ እዚያው ተቀብራለች። እህቴ የሰማችው ገና በጾሙ መግቢያ ነው።

«ጾም ነው፣ አቅም የላትም፣ ፋሲካ ይለፍ አልን» አሉኝ። «ከዚያ ደግሞ ሰርጉ ደረሰ። ድግሱ ተጥሏል፣ ሰው ተጠርቷል። ሰርጉ ይለፍ አልን።»

መርዶ ማቆየት በአገሩ ያለ ነገር ነው። የታመመ እስኪያገግም፣ አራስ እስክትጠና ይቆያል። ይሄንን አልቃወምም። ግን እናቲቱን እያስጨፈሩ? የኋላ ኋላ የሰርጉን ቪዲዮ አየሁት። መሀል ላይ እኔ ትከሻዬን እሰብቃለሁ። ከኋላዬ ያሉት እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሁሉም ያውቃል። ከመደቤ ጎን ተምርና ዕጣን የሚሸጡት ሐጂ እንኳ ያውቁ ነበር፤ ያን ሰሞን ያለ ምክንያት ተምር በወረቀት እየጠቀለሉ ሲሰጡኝ የነበረው ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔም «ሐጂ ዘንድሮ ቸር ሆኑ!» እያልኩ እስቅ ነበር። ከመርካቶ ሰው ሁሉ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ልጄ ስለሞተችብኝ አይደለም የተቀየምኩት፤ ሞት የእግዚአብሔር ነው። ያን ሁሉ ቀን ነው የተቀየምኩት። ልጄ አፈር ለብሳ እኔ ሥጋ የቆረጥኩበት፣ እልል ያልኩበት፣ ለእሷ ብዬ ኮረሪማ የቋጠርኩበት ቀን። ያንን ቀን ማን ይመልስልኛል?

ከዚያ ወዲያ እህቴን አላናገርኳትም። ሽማግሌ ላከችብኝ፤ አብልቼ አጠጥቼ መለስኳቸው። የንስሐ አባቷ መጡ፤ መስቀላቸውን ተሳልሜ መለስኳቸው። እሳቸውም እሷን «ታርቀሽ ነይ፤ ያለዚያ አትቆርቢም» አሏት። ባሏ ሲቆርብ እሷ ውጭ ትቆማለች አሉኝ። ትቁም አልኩ።

እንግዲህ ዘንድሮ ከጥምቀት ወዲህ ጎኔን ይወጋኝ ጀመር። የሐሞት ከረጢቴ ጠጠር ቋጥሯል ተባለ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ኮረሪማና ምስር ጠጠር ስለቅም ኖሬ የራሴን ሆድ ሳልለቅም ቀርቻለሁ ማለት ነው። ኦፕራሲዮን ግድ ነው አሉ።

የመግቢያዬ ዋዜማ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ይቁነጠነጥ ጀመር።

«እማዬ፣ ከመግባትሽ በፊት ከአክስቴ ጋር ታረቂ። ማን ያውቃል?»

«ምንድን ነው ማን ያውቃል?»

«አይ፣ እንዲያው... ማደንዘዣው...»

«ከሞትኩ እዚያ እንፋረዳለን። ከዳንኩ እንደነበርነው እንኖራለን። ሂድ ተኛ።»

ይሄንን ስል ነቅቼ ነበር። ቃሌ ይሄ ነበር።

በማግስቱ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡኝ። ብርዱ! ሥጋ ቤት ያስንቃል። ማደንዘዣ የምትሰጠው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ከጭንብሏ በላይ ዓይኗ ብቻ ይታያል። እጄን እየዳበሰች ደም ሥር ትፈልጋለች።

«እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቅመም ሻጭ ነኝ።»

«ታዲያ መከለሻ እንዴት እንደሚዘጋጅ ይንገሩኝ፤ እናቴ አላስተማረችኝም።»

«እናትሽ ምን ስትሠራ ነበር!»

ሳቀች። እኔም ጀመርኩላት። ኮረሪማውን ፈልፍለሽ ሣሣ አድርገሽ ታምሻለሽ፤ ቁንዶ በርበሬውን ለብቻ፤ ጥምዙን ለብቻ፤ እንዳታቃጥዪው። ቀረፋውን ደግሞ... ቀረፋው ላይ ቀረሁ።

ሰው እንቅልፍ ነው ይላል። እንቅልፍንማ አውቀዋለሁ። ከእንቅልፍ ስነቃ ህልም ባይኖር እንኳ ጊዜ ማለፉ ሰውነቴ ላይ ይታወቀኛል፤ ጎኔ ይነግረኛል፣ አፌ ይነግረኛል። ይሄኛው መቀስ ነው። ጨርቁን መሀሉን ቆርጦ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ ገጥሞ ሰፋው፤ ስፌቱ እንኳ አይዳሰስም። ቀረፋ አልኩ፤ ቀጥሎ እርጥብ ጥጥ ከንፈሬ ላይ፣ መስኮቱ ላይ የማታ ፀሐይ። በዚያች በጠፋችው ቁራጭ ውስጥ ሆዴ ተቀዶ ተሰፍቷል፤ እህቴ መጥታ ተንበርክካለች፤ ሽማግሌና ቄስ ያቃታቸው ነገር ተፈጽሟል። እኔ ደግሞ ጥጡን ያደረገልኝን ልጄን «ውሃ» ብቻ አልኩት።

ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ልጄ ላይ አፈጠጥኩበት።

«አውቀህ ነው ያደረግኸው?»

«ምኑን እማዬ?»

«እንቢ ስልህ፣ ደንዝዤ ሳለሁ ያመጣሃት?»

«አላመጣኋትም። ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እንዳታዪያት ብላ ከዓምዱ ኋላ።» አቀረቀረ። «ዓይንሽን እንደገለጥሽ እሷን ነው የጠራሽው። ከኔ በፊት። ስሟን ስትጠሪ የለሰለስሽ መሰለኝ፣ ጠራኋት።»

ስሟን ጠርቻለሁ። ይሄንንም አላውቀውም። እኔ ሳልሰማ በኔ አፍ ስንት ነገር ተነግሯል?

ሥራ ስመለስ ሐጂ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሥተው መቀመጫ ዱካዬን በጨርቃቸው ወለወሉልኝ።

«እትዬ፣ ሐሞትዎን አወጡልዎት አይደል? እንግዲህ ከገበያተኛ ጋር መጣላት ቀረ!»

«የወጣው ከረጢቱ ነው ሐጂ፤ ምሬቱን እዚሁ ትተውልኛል።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ያለ ምሬት መርካቶ አይዋልም።»

እህቴም መምጣት ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ጉልበቷን እየጎተተች ትመጣና ከጎኔ ተቀምጣ ኮረሪማ ትፈለፍልልኛለች። ወሬ አታቋርጥም። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ወሬ ነው። ማን ቤቱ እንደፈረሰበት፣ ማን እንዳገባ፣ ጥርሷ ስንቴ እንዳመማት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ልጅ ሆና እንደምታደርገው። ገበያተኛው «እህትማማች ናችሁ? ታስታውቃላችሁ» ይላል። እኔ ቅመም እመዝናለሁ።

ጾሙ እየገፋ ሲሄድ አንድ ቀን ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ጸሎተ ሐሙስ ልቆርብ ነው። አባ ፈቀዱልኝ» አለችኝ። ፊቷ እንደ ሙሽራ ነበር። «ነጠላ እንኳ አሠርቻለሁ፣ ሸማ ተራ፣ ጥለቱ ቀጭን።»

«እሰይ» አልኳት።

ይሄኛውን «እሰይ» ነቅቼ ነው ያልኩት። ውሸት ነበር።

ቁስሌን ላሳይ ሆስፒታል የሄድኩ ለት ያቺ ሐኪም ኮሪደር ላይ አየችኝ። «የመከለሻዋ እማማ!» ብላ እጄን ያዘች። ያለ ጭንብል ልጅ እግር ናት። አግዳሚው ላይ አጠገቤ እንድትቀመጥ ለመንኳት።

«ልጄ፣ ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ በደንብ እያወራ፣ ያወራውን ሳያውቀው ይቀራል?»

«ከሰመመን ሲነቃ? ይቀራል እማማ። ብዙ ሰው ነው እንዲያ የሚሆነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣችና ባዶ የጓንት ካርቶን ላይ ትሥልልኝ ጀመር። «አንጎል ዝም ብሎ አያውቅም። ነቅተው ሳሉ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን ያወራል፣ አንዱ ላንዱ ያቀብላል። በመሣሪያ ስናየው እንዲህ ነው» ብላ እንደ መጋዝ ጥርስ ደቃቅ ደቃቅ፣ የተጠጋጋ መስመር አደረገች። «ማደንዘዣው ሲገባ ደግሞ ሞገዱ ይተልቃል፣ ይዘገያል።» ከሥሩ ረጅም ረጅም ተራራና ሸለቆ ሣለች። «ብዙው ነገር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ያርፋል። እንዲያ ሲሆን አንዱ ክፍል ለሌላው ወሬ ማቀበል ያቅተዋል።»

ካርቶኑን ሳየው ዓርብ ትዝ አለኝ። ዓርብ ቀን ለስግደት መስጊዱ ሞልቶ ሰው መንገዱን ሁሉ ይይዛል፤ እስከ እኛ መደብ ይደርሳል። አብሮ ይጎነበሳል፣ አብሮ ይነሣል። ማየቱ ያምራል፤ እኔ ክርስቲያኗ እንኳ እጄን አጣምሬ ነው የምቀመጠው። በዚያ ሰዓት ከሱቅ ሱቅ የሚላላክ የለም፣ ዘርዝርልኝ የሚል የለም፣ ዋጋ የሚጠራ የለም።

ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ለሞገዱስ ይመስላል። ልዩነቱ እነሱ ነቅተው አምላካቸው ፊት ናቸው፤ እርስዎ ግን የትም አልነበሩም።»

የትም አልነበርኩም።

«ስግደቱ ሲያበቃስ? ገበያው ባንዴ ይነሣል?» አለችኝ።

ባንዴማ አይነሣም። መጀመሪያ የሚሰማው የተሸካሚዎቹ ጩኸት ነው፤ ዘወር በሉ፣ ዘወር በሉ። ከዚያ ቆሎ ሻጩ። ከዚያ ሱቁ ግማሽ በሩን ይከፍታል። መጋዘኑ የመጨረሻ ነው፤ ቁልፍ ያዡ እስኪመለስ ይቆያል።

«በቃ እንደሱ ነው» አለች። «አፍ ቶሎ ይነቃል። ትዝታን ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ክፍል ግን መድኃኒቱ ሲገባ ቀድሞ ይተኛል፣ ሲወጣም ዘግይቶ ነው የሚነሣው። በመሀሉ ሰው ያወራል፣ ዘመዱን በስሙ ይጠራል፣ ይቀልዳል። የሚቀመጥ ነገር ግን የለም።»

ገባኝ። ጭነቱ መጥቷል፣ ደጅ ላይ ተራግፏል፤ መጋዘኑ ግን ተቆልፏል።

«አሁን ተቀምጬ ባስበውስ? ቀስ እያለ አይመጣም?»

«ያልገባ ነገር ተፈልጎ አይገኝም እማማ። ረሱት እንኳ አይባልም፤ መጀመሪያውኑ አልገባም።»

«ታዲያ ያልኩት ነገር የኔ ነው ወይስ የመድኃኒቱ?»

እስክሪብቶዋን ከፍታ ዘጋች። «መድኃኒት ቃል አይፈጥርም። ቃሉ ከእርስዎ ነው የወጣው። መዝነው ተናገሩት ብዬ ግን አልምልልዎትም። ለዚህ እኮ ነው በዚያ ቀን ወረቀት እንዳይፈርሙ፣ ትልቅ ነገር እንዳይወስኑ የምንለው። ለልጅዎም ነግረነዋል።»

ልጄ ሰምቶ ነበር ማለት ነው። ቤት ወይም መኪና ለሚሸጥ ሰው የተባለ ነው የመሰለው፤ ይቅርታ በወረቀት ስለማይፈረም ከነገሩ ውስጥ አልቆጠረውም። ሽማግሌ ያቃተውን ለማደንዘዣ ሰጠው።

ሲከብደኝ ለሐጂ አወራሁላቸው። ተምራቸውን ዝንብ እየከለከሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እትዬ፣ ይተዉት» አሉኝ። «አፍ ቀድሞ ሄዷል። ልብም ቀስ እያለ ይደርሳል።»

«ባይደርስስ?»

«ባይደርስም ማን ያውቃል? እሷ ደስ ብሏታል፣ እርስዎም ተጦሩ።»

«ይሄው እኮ ነው ሐጂ። እሷ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ ልጄ ያውቃል፣ አሁን ደግሞ እርስዎ አወቁ። እሷ መሀል ላይ ትጨፍራለች፤ እኛ ከኋላ እንተያያለን።»

የዝንብ ማባረሪያቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወደኔ ሳያዩ «ያኔ ተምር ከምጠቀልል አፌን ብከፍት ይሻል ነበር» አሉ። ያን ነገር አንሥተው አያውቁም ነበር። እኔም «ይሻል ነበር» አልኳቸው፤ ማጽናናት አልቻልኩም።

እንግዲህ እጄ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ለት ነው። መርዶ ይዣለሁ። እህቴ ያላወቀችው ሞት አለ፤ እሷ ነጠላ አሠርታለች፣ እኔ አቆይቼባታለሁ። ካወራሁ ቁርባኗን አጠፋባታለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ያንን የሰርግ ቤት እንደገና ደገስኩት ማለት ነው፤ አሁን ደጋሿ እኔ ነኝ።

ሰሞነ ሕማማት ገባ። ማክሰኞ ማለዳ፣ መንገዱ ገና ግራጫ ሳለ፣ ነጠላዬን ለበስኩና ወጣሁ። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ለእንዲህ ዓይነት ወሬ ሌላ ሰዓት አያውቅ ይሆናል። ራጉኤል ጀርባ ደርሼ አንኳኳሁ።

እህቴ ከፈተችና አየችኝ። የበሩን መቃን ያዘች።

«ማነው?» አለች። «እትዬ፣ ማነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ልጄ ነው? ልጄ ነው አይደል?»

«ልጅሽ ደህና ነው። ማንም አልሞተም አልኩሽ እኮ። ግቢና ተቀመጪ።»

ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም። ፊት ለፊት ተቀመጥን። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ያኔ እኔ በሬ ላይ ቆሜ ምን እመስል እንደነበር አየሁት።

«ሆስፒታል ያልኩሽን ነገር አላውቀውም» አልኳት። «ልጄ በስልኩ ባያሳየኝ መባሉንም አላውቅ ነበር።»

«ረስተሽው ይሆናላ። እኔስ መች አስታውሳለሁ፤ ትናንት ምን እንደበላሁ...»

«አልረሳሁትም። መድኃኒቱ ገና አልለቀቀኝም ነበር። ሐኪሟን ጠየቅኋት። እኔ አልነበርኩም።»

«ይበርድሻል አልሽኝ እኮ።»

«አፌ ነው።»

«አፉስ የማን ነው?»

ወለሉን አየች፣ ግድግዳው ላይ በማንጠልጠያ የተሰቀለውን አዲሱን ነጠላ አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ እንደ ልጅ፣ ተለማማጭ በሆነ ድምፅ፣

«ምናለ ፋሲካ እስኪያልፍ ብትታገሺኝ?» አለች።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሁለታችንም ሰማነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ይቅርታ ስትለምነኝ፣ ሽማግሌ ስትልክብኝ፣ ያደረገችው ነገር ምን እንደሆነ አውቃለች ብዬ አላምንም። ያን ማለዳ አወቀችው። ማወቋ ደስ ይለኛል ብዬ ስንት ዓመት ጠብቄ ነበር። አላለኝም።

«አሁንስ?» አለች ቆይታ። «አሁን ነቅተሻል። አሁን በይው።»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ከሰማሁት ሰንብቻለሁ፣ በገዛ ድምፄ። ስልኩ ውስጥ ላለችው አሮጊት እንዴት ቀሏት ነበር! እጇን አንሥታ ጣል ነው ያደረገችው። እኔ እጄን ላነሣ ስል ልጄ መጣችብኝ፤ ሻዩ ሽታ የለውም ስትል። ከእሷ ኋላ የሰርጉ ከበሮ መጣ።

«አልመጣልኝም» አልኳት።

«እሺ» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት መደቤን ቶሎ ሸፍኜ ተነሣሁ። ሐጂ የት እንደምሄድ አልጠየቁኝም። ራጉኤል ስደርስ እህቴ ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። የለበሰችው አሮጌ ነጠላዋን ነው። ባሏ ውስጥ ነው። እኔም ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ፤ አልተጠጋኋትም፣ አልራቅኋትም። በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ነበር።

ቅዳሴው ሲያበቃ የቆረቡት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው በፊታችን አለፉ። ባሏም አለፈ፤ አፉን እንደሸፈነ እጇን ነካ አደረጋት። ዝናብ ያዘለ ነፋስ ከሰማይ ወረደና አቧራውን አነሣው።

እህቴ ወደኔ ሳታይ «ይበርድሻል፣ ነጠላሽን ደርቢ» አለችኝ።

ደረብኩት። ነቅቼ ነበር።